ቀኝ ያውላችሁ

በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም.፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ለዘጠኝ ዓመታት ባስተማርሁበት ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ረድፍ ተቀመጥሁ። ወንበሯ ለአምስት ዓመት ልጅ የተሠራች ስለ ሆነች ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ጭኔ ላይ ደብተር ዘርግቼ ዓይኔን ከግድግዳው ሰዓት ወደ አንድ ሕፃን፣ ከሕፃኑ ወደ ሰዓቱ አመላልሳለሁ። ከዚያ ዝቅታ ሲታይ ክፍሉ እኔ የማውቀው ክፍል አልነበረም። ሰሌዳው ሩቅ ነው፤ ከፍም ይላል። የመስኮቱ ደፍ ከራስ በላይ ስለሚውል ግቢው፣ ባሕር ዛፉ፣ አላፊ አግዳሚው አይታይም፤ የሚታየው አንዲት ቁራጭ ሰማይ ናት። የመምህርቷም ፊት ከላይ ቀርቷል፤ ለዓይን የሚቀርበው የጋዋኗ ኪስና እጇ ነው። እጇን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እዚያች ወንበር ላይ ያስቀመጠኝ የቤት ሥራ ነው። ቀን ቀን ለአርባ ሰባት ሕፃናት የቤት ሥራ እየሰጠሁ፣ ማታ ማታ እኔው የቤት ሥራ መቀበል ከጀመርሁ ያን ጊዜ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። በቀዳማይ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ለመጀመሪያ ዲግሪ በማታው መርሐ ግብር የተመዘገብሁት በ2014 ዓ.ም. ነው። ልዋሽ አልፈልግም፤ ያስገባኝ የእውቀት ጥም አልነበረም። በሰርተፍኬት ተቀጥሬ፣ በዲፕሎማ ትንሽ ከፍ ብዬ፣ ከዚያ ወዲያ ደመወዜ ባለበት ስለ ቆመ ነው። ዲግሪ ያላት ባልደረባዬ እኔው የማስተምረውን አስተምራ ከእኔ የተሻለ ስትቀበል አየሁና ቀናሁ። የብዙዎቻችን የትምህርት ታሪክ በቅናት እንደሚጀምር እገምታለሁ፤ በማመልከቻው ላይ ግን «ሙያዬን ለማሻሻል» ብለን እንጽፋለን።

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት እነሣለሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሕፃናቱን አንድ በአንድ እቀበላለሁ፤ ንፍጥ እጠርጋለሁ፣ የጫማ ማሰሪያ አስራለሁ፣ ምሳ ዕቃ በየስሙ እደረድራለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ለየወላጁ አስረክቤ፣ የነገውን ዕቅድ ጽፌ፣ ከአዲሱ ገበያ በፒያሳ አድርጌ አራት ኪሎ ለመድረስ የታክሲ ሰልፍ እይዛለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ክፍል እገባለሁ፤ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል እወጣለሁ። ሞጁሎቼን በአብዛኛው ያነበብኋቸው በሚኒባስ ውስጥ፣ በስልክ መብራት ነው። አንድ ምሽት ረዳቱ ሒሳብ ሊቀበለኝ እጁን እንደ ዘረጋ ጎንበስ ብሎ ገጹን አየና፣ «እህቴ፣ ይኼ ሁሉ ለሕፃን ነው?» አለኝ። ገጹ ላይ የሕፃን አንጎል ሥዕል ነበረበት። «አዎ» አልሁት። «እኛ ታዲያ እንዴት አደግን?» ብሎ በሩን ዘጋው። መልስ አልነበረኝም፤ ወራጅም ነበርሁ።

በክፍላችን ካለነው ሠላሳ ስምንት ተማሪዎች ሠላሳ አምስቱ ሴቶች ነን። ሁላችንም ማለት ይቻላል ቀኑን ከልጆች ጋር ውለን፣ ድምፃችን ሻክሮ፣ ልብሳችን ላይ የጠመኔ ብናኝ ይዘን ነው የምንመጣው። አንዷ ጓደኛችን የሦስት ወር አራስ ሳለች እኅቷ ልጁን ይዛ ኮሪደር ላይ ትጠብቃት ነበር፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ መምህሩ ማስተማራቸውን ሳያቋርጡ በእጃቸው «ሂጂ» ይሏታል። ስለ እንቅልፍና ስለ ሕፃናት ዕድገት የተማርን ዕለት ግማሾቻችን አንቀላፍተን ነበር።

የሰፈራችን ሰዎች የረዳቱን ጥያቄ በሌላ ቃል ይደግሙታል። «ልጅ ለማጫወት ዲግሪ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፤ በኋላ ግን «ማጫወት» የሚለው ቃል ራሱ ያስቆመኝ ጀመር። ሞጁሎቻችን በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ እኔ የማስተምረው በአማርኛ ነው፤ ስለዚህ ማታ የተማርሁትን ጠዋት ለራሴ እተረጉማለሁ። ስተረጉም ነው ያየሁት። እንግሊዝኛው ጨዋታን ከወግ ይለያል፤ አማርኛችን አይለይም። ሕፃን በቆርኪ ሲጫወት «ይጫወታል» እንላለን፤ ሁለት ሽማግሌዎች ጠላቸውን ይዘው የድሮውን ሲያነሡም «ይጫወታሉ» እንላለን። እንግዳ መጥቶ ዝም ካለ «ተጫወት እንጂ» ይባላል። ሌቭ ቪጎትስኪ የተባለው የሩሲያ ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ተወልዶ በ1934 በሳንባ ነቀርሳ ገና በ37 ዓመቱ የሞተው፣ ሕፃን ዱላ ይዞ «ፈረሴ ነው» እያለ ሲጋልብ አሳቡ ከሚያየው ዕቃ መላቀቅ ይጀምራል ይላል፤ «ፈረስ» የሚለው ቃል ፈረስ በሌለበት መቆም የሚማረው በዚያ ግልቢያ ላይ ነው። ፊደልም፣ ንባብም፣ እናንተና እኔ የምንወደው ልብ ወለድም ከዚያች ዱላ ይወለዳል ማለት ነው። ይህን ያነበብሁ ማታ ክፍሌ ውስጥ አዘውትሬ የምጮኸውን ትእዛዝ አስታወስሁ። «ጨዋታ አቁሙ!» ነው። ለካ በአንድ ቃል ሁለቱን ነበር የማስቆመው፤ መጫወታቸውንም ማውጋታቸውንም።

የቃል ነገር ካነሣሁ አይቀር አንድ ልጨምር። ፍሪድሪክ ፍሮቤል የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ለሕፃናት የሚሆን ተቋም ከፍቶ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ «የሕፃናት የአትክልት ቦታ» የሚል ስም አወጣለት። «አፀደ ሕፃናት» የምንለው ቃል በቃል ይኸው ነው፤ አፀድ በግእዝ የአትክልት ቦታ ነውና። የፕሩሲያ መንግሥት ክህደትና ሶሻሊዝም ያስፋፋል ብሎ ጠርጥሮ እ.ኤ.አ. በ1851 አገደው፤ ፍሮቤልም በማግሥቱ ዓመት እገዳው ሳይነሣ ሞተ። የእኛ አፀድ ግቢው ሲሚንቶ ነው። ከመግቢያው ግድግዳ ላይ ከሚኪ ማውስ ጎን ከተሣለችው የሱፍ አበባ በቀር አትክልት የለበትም።

ወደ ቤት ሥራዬ ልመለስ። የመጀመሪያዎቹ ቀላልና አስደሳች ነበሩ። ዣን ፒያዤ ካደረጋቸው ሙከራዎች አንዱን በክፍላችን እንድንሞክር ታዘን፣ በሁለት እኩል የሻይ ብርጭቆዎች እኩል ውኃ ሞልቼ አሳየኋቸው። «እኩል ነው» አሉ ሁሉም። ከዚያ የአንዱን ውኃ እዚያው ፊታቸው ወደ አንድ ረጅምና ቀጭን ብርጭቆ ገለበጥሁት። «አሁንስ የትኛው ይበዛል?» ክፍሉ በአንድ ድምፅ ወደ ረጅሙ ጠቆመ። «ለምን በዛ?» ብዬ ብጠይቅ አንዲት ልጅ በትዝብት አየችኝና፣ «አንቺ ነሻ ያበዛሽው፣ ቲቸር» አለችኝ። በሪፖርቴ ውስጥ ይህን መልስ በየትኛው ሠንጠረዥ እንደማስገባው ቸግሮኝ ነበር።

ሦስተኛው ዓመት ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው። «ከክፍላችሁ አንድ ሕፃን ምረጡና ጻፉት» ተባልን። እኔም መረጥሁ። ስሙን ልሰውረውና አቡሽ ልበለው። በመስከረም ነው ወደ እኔ ክፍል የገባው፤ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጸጥ ያለ፣ ትልልቅ ዓይኖች ያሉት ልጅ ነው። በሁለት ወር ውስጥ አንድ ገጽ ጽፎ አልጨረሰም። ሦስት ገጽ ሪፖርት በአንድ ምሽት ጽፌ አስገባሁ፤ ልጁን አውቀዋለሁ ብዬ ስለማምን ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። «አቡሽ ሰነፍ ነው። ግትር ነው። ትኩረት የለውም። ጽሑፍ ሲታዘዝ ከጠረጴዛ ሥር ይደበቃል። ደብተሩን በላጲስ ይቀዳል» የሚል ነበረበት።

መምህራችን ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ አዛውንት ናቸው። ወረቀቱን ሲመልሱልኝ «ሰነፍ»፣ «ግትር»፣ «ትኩረት የለውም» የሚሉት ሥር በቀይ አስምረው፣ በኅዳጉ ላይ፣ «ይህን በዓይንሽ አየሽው? ግትርነት ምን ይመስላል?» ብለው ጽፈዋል። ያላሰመሩበት የመጨረሻዎቹን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ብቻ ነበር። ከክፍል ስንወጣ ተከትያቸው ሄጄ፣ ልጁን በየቀኑ እንደማየው፣ ሰንፎም ከሆነ ሰነፍ መባሉ ነውር እንደሌለው ልከራከራቸው ሞከርሁ። «አንቺ ፍርዱን ነው የጻፍሽልኝ፤ እኔ የጠየቅሁሽ ምስክሩን ነው» አሉኝ። «ዐሥር ቀን፣ በቀን ሃያ ደቂቃ፣ ከሰዓቱ ጋር። ዓይንሽ ያላየውንና ጆሮሽ ያልሰማውን እንዳትጽፊ።»

አርባ ሰባት ልጅ እያስተማሩ ሃያ ደቂቃ ቁጭ ብሎ መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ የጎረቤት ክፍል ባልደረባዬን ለምኜ፣ የእርሷን ልጆች በሞግዚቷ አስጠብቀን፣ በእኔ ቦታ ቆመችልኝ። እኔም ከኋላ ከዚያች ወንበር ላይ ተጣጠፍሁ። የመጀመሪያው ቀን ማስታወሻዬ እንዲህ ይላል፦

3፡10 — እርሳሱን በግራ እጁ አነሣ።
3፡11 — ከላይ ወደ ታች አንድ መስመር ሠራ። ሁለተኛ ጀመረ።
3፡12 — መምህርቷ መጣች። እርሳሱን ከግራ እጁ ወስዳ ቀኝ እጁን አስያዘችው። ራሱን ዳበሰችው። ሄደች።
3፡13 — አይጽፍም።
3፡14 — አይጽፍም። በሩን ያያል።
3፡15 — እርሳሱን በግራ እጁ ያዘ። መምህርቷ ዞረች። እርሳሱን ጣለው።
3፡16 — ሊያነሣው ከጠረጴዛው ሥር ገባ። አልወጣም። በግራ እጁ ጣት ወለሉ አቧራ ላይ አንድ ነገር ይሠራል። ምን እንደ ሆነ ከዚህ አይታየኝም።

በሃያ ደቂቃ ውስጥ ያቺ እጅ ስድስት ጊዜ መጣች። አልመታችውም፤ አልቆነጠጠችውም። ባልደረባዬ የዋህ ሴት ናት፤ ድርጊቱን እየሠራች መሆኗን እንኳ የምታውቅ አይመስለኝም፤ የተጣመመ ኮሌታ እንደምናቃና ነበር የምታደርገው። በደብተሬ ላይ «መምህርቷ» እያልሁ የጻፍኋት ግን እርሷ ብቻ አይደለችም። ከመስከረም ጀምሮ በየቀኑ፣ ከክፍሉ መግቢያ እስከ መውጫው፣ ያቺ እጅ የእኔ ነበረች። እኔም ራሱን እዳብሰው ነበር። ከላይ ሆኜ ሳየው የሚታየኝ እርሳስ በተሳሳተ እጅ መያዙ ነበር፤ ከእርሳሱ በኋላ ያለው የሦስት ደቂቃ ዝምታ አይታየኝም፣ ሌላ አርባ ስድስት ልጅ ይጠብቀኛልና። ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ ወለሉ ላይ ምን እንደ ጻፈ ለማየት ጎንበስ አልሁ። የጽዳት ሠራተኛዋ ቀድማኝ ጠርጋዋለች።

የዚያን ሳምንት ሌሊቶች ብዙ አልተኛሁም። ከሞጁሌ ውስጥ አንዲት ተራ ቁጥር አለች፤ ከመቶ ሰዎች ዐሥሩ ያህል ግራኝ ናቸው የምትል። ሳነባት ያለፍኋት ናት። አሁን ግን ተቀምጬ አሰላሁ። በዘጠኝ ዓመት ከአራት መቶ በላይ ሕፃናት በእጄ አልፈዋል፤ ስለዚህ አርባ ያህል ግራኞች አስተምሬ መሆን አለበት። አንድም አላስታውስም። በዚያው ዓመት ከነበሩት አርባ ሰባት ውስጥ እንኳ የማውቀው አቡሽን ብቻ ነው። ሌሎቹ ሦስትና አራት የት ሄዱ? ምናልባት ቶሎ እሺ ብለው ይሆናል። ምናልባት ነርሰሪ ሳሉ፣ ወይም ቤታቸው፣ ከእኔ በፊት የመጣች እጅ ጨርሳቸው ይሆናል። አቡሽን ያየሁት ስላልታዘዘ ነው፤ «ግትር» ብዬ የጻፍሁት ይህንኑ ነበር።

ቋንቋችንም በዚህ ነገር ላይ ወገን ይዟል። ግራ ገባኝ፣ ግራ አጋቡኝ፣ ዛሬ በግራ ጎኑ ነው የተነሣው እንላለን። የዐሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ጦረኛ አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ከስሙ ይልቅ ግራኝነቱ ነው በአፋችን የቀረው። ምርቃታችን «ቀኝ ያውልህ» ነው። በአሮጌው የጦር ሥርዓት ግን ቀኝ አዝማችም ግራ አዝማችም ነበሩ፤ ሁለቱም ማዕረግ ናቸው፤ አባቶቻችን ለጦርነት ሲሆን ግራ እጅ እንደሚያስፈልግ ያውቁ ነበር ማለት ነው። (ይህችን አሳብ ሪፖርቴ ውስጥ አስገብቻት መምህሩ ሠርዘዋታል። ከርእስ ውጭ ናት አሉ፤ እውነታቸውን ነው።)

ደብረ ብርሃን የሚኖር ታላቅ ወንድም አለኝ። ልጅ ሳለ እናታችን ግራ እጁን በመቀነቷ ከወገቡ ጋር ታስረው እንደ ነበር አውቃለሁ፤ ስናድግ የምንስቅበት የቤታችን ተረት ነበርና። ሰንበቴ ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ በግራው ጎርሶ እንዳያሳፍራት ነበር ጭንቀቷ፤ ክፋት አልነበረባትም። የኔታም ዘንድ ሲሄድ እጁ እንደ ታሰረ ነበር የሚሄደው። ከአራተኛ ክፍል ትምህርቱን ተወ። ይህን ሁለተኛውንም ነገር እናውቃለን፤ ሁለቱን ግን አንድ ላይ አስቀምጠን አይተናቸው አናውቅም። እሑድ ደወልሁለት። አናጢ ነው፤ ከበስተኋላው መጋዝ ይጮኻል። «ጋሼ፣ ትምህርት የተውከው በእጅህ ምክንያት ነበር እንዴ?» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ማን ያስታውሳል!» አለ። ከዚያ ሳቀና፣ «በቀኜ ፈርማለሁ፣ በግራዬ እንጀራ እበላለሁ» አለኝ። መዶሻውን የሚይዘው በግራው ነው። ስለ ልጆቹ ጠየቅሁት፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ አወራን፣ ዘጋን። ማታ ተመልሶ ደወለና፣ «ያልሽኝን ሳስበው ዋልሁ» ብሎ፣ ሌላ ሳይጨምር ደኅና እደሪ አለኝ።

ሪፖርቱን አስገባሁ፤ ቢ ፕላስ አገኘሁ። በአገራችንና በውጭው የሰዓት አቆጣጠር አደባልቄ ስለ ጻፍሁ ነጥብ ተቀንሶብኛል።

ከዚያ በኋላ የአቡሽን እርሳስ መንካት ተውሁ። ሲጽፍ ወረቀቱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ እንዲያስቀምጥ አሳየሁት፤ የገዛ እጁ የጻፈውን እንዳይሸፍንበት ከረድፉ ግራ ጫፍ አስቀመጥሁት፣ ክንዱ ከጎረቤቱ ጋር እንዳይጋጭ። በማግሥቱ ተለወጠ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። ለሁለት ሳምንት እርሳስ ባነሣ ቁጥር ቀና ብሎ እጄን ያይ ነበር። የምጠላው ትዝታ ይህ ነው፤ ፊቴን ሳይሆን እጄን ነበር የሚያየው።

ሌላም ነገር ለወጥሁ። ፊደል የመገልበጡን ሰዓት አሳጥሬ፣ ከየሱቁ ቆርኪ ለምኜ ሁለት ጣሳ ሞላሁና ለልጆቹ ሰጠኋቸው። በቆርኪ ቆጠሩ፣ ሱቅ ከፈቱ፣ ለቅሶ ተቀመጡ፣ ድንኳን ጣሉ፤ ቆርኪው አንዴ ገንዘብ፣ አንዴ ንፍሮ ይሆናል። ክፍሉ ይንጫጫል። በታኅሣሥ ደብተር ሲታይ ርእሰ መምህርቷ ጠሩኝ። ልጆቼ ከሌላው ክፍል በዐሥራ አንድ ገጽ ወደ ኋላ ቀርተዋል። እኔም የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በ2002 ዓ.ም. ያወጡትን የቀዳማይ ልጅነት የፖሊሲ ማዕቀፍ ቅጂ ይዤ ሄጄ ነበር፤ አዲስ ተማሪ ሁሉ ወረቀት ይዞ መከራከር ይወዳል። ጥቂት ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ «ጥሩ ነው። ይህ ወረቀት የቤቱን ኪራይ ይከፍልልናል?» አሉኝ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት የእኔን ልጆች እኩዮች እንግሊዝኛ ያስነብባል፤ ወላጅ ያንን አይቶ ልጁን ያወጣል። «ወላጅ የሚከፍለው ለደብተሩ ነው» አሉ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ልወቅሳቸው እፈልግ ነበር፤ ነገር ግን የሚሉት ሐሰት አልነበረም፤ የእኔም የሴሚስተር ክፍያ የሚወጣው ከዚያው የወላጅ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ፈሪ ሰው የሚያገኘውን መፍትሔ አገኘሁ። ዐሥራ አንዱን ገጽ አካካስን፤ ቆርኪው ግን ከእረፍት በኋላ ለግማሽ ሰዓት፣ በሩ ተዘግቶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ቀጠለ። ልጆቹ በሹክሹክታ ሱቅ መነገድ ለመዱ። እስካሁንም የሚነግዱት እንዲሁ ነው።

በአቡሽ ነገር ግን የሚጠብቀኝ ሌላ ሰው ነበር። አያቱ ናት የምታሳድገው። እናቱ ቤይሩት በሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ከሄደች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። አያቱ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ እጁን ትለቅልኝና ለእኔም፣ ለእርሱም፣ በሩ ላይ ላለው ሁሉ «ቀኝ ያውላችሁ» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ትሄዳለች። በጥቅምት፣ ይህ ሁሉ ሳይሆን በፊት፣ ጠጋ ብላ፣ «የኔ ልጅ፣ እጁን ቅጪልኝ፤ ግራኝ እንዳይሆንብኝ» ብላኝ ነበር። እኔም «እሺ እማማ፣ አያስቡ» ብዬ ቃል ሰጥቼአለሁ። ቃሌን ያጠፍሁት ሳልነግራት ነው።

በጥር ደብተሩን ቤት ይዞ ሄዶ በግራው ሲጽፍ አየችው። በማግሥቱ ከበሩ አልሄድ አለች። ወደ ጥግ ወስጄ ላስረዳት ሞከርሁ። የተማርሁት ሁሉ በእንግሊዝኛ መጣብኝ፤ በአማርኛ ስለው ደግሞ «አንጎል» የሚለው ቃል አስደነገጣት፣ ልጁ የታመመ መሰላት። «አልታመመም፣ እማማ፤ ፍጥረቱ ነው» አልኋት። ረጅም ጊዜ አየችኝ። «አንቺ ተምረሻል፤ እኔ ደግሞ ስድስት ወልጃለሁ» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «እናቱ አደራ ብላ ጥላልኝ ነው የሄደችው። ነገ ስትመጣ ‹አሳድጊልኝ ብልሽ ግራኝ አድርገሽ ጠበቅሽኝ› ብትለኝ ምን እመልሳለሁ?»

ለዚህ የሚሆን ሞጁል የለም። ቪጎትስኪም ፒያዤም አደራ ስለሚባል ነገር የጻፉት አላጋጠመኝም። ሴትዮዋ የፈራችው እጁን አልነበረም፤ በሌላ ሰው ልጅ ላይ የምታጠፋው ጥፋት ነበር። እኔም ከኅዳር ጀምሮ እንቅልፍ ያሳጣኝ ያው ነው። ይህን ልነግራት አልቻልሁም። «እናቱ ስትደውል እኔን ያገናኙኝ፤ እኔ ነኝ ያደረግሁት እላታለሁ» ብቻ አልኋት። መልስ ሳትሰጠኝ ሄደች፤ የዚያን ቀን አልመረቀችንም።

እናትየዋ በየካቲት በሞባይል ደወለችልኝ። ከጀርባዋ የሌላ ሰው ሕፃን ያለቅሳል። ስለ እጁ ለመናገር ስጀምር አቋረጠችኝ፤ ስለ እጁ መስማት አልፈለገችም። «ስሙን ይጽፋል?» አለችኝ። «ይጽፋል» አልኋት። «ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ» ብላ ዘጋች። ጠዋት ለአያቱ ስነግራት «እንግዲህ እናቱ ካወቀች» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንስተነው አናውቅም፤ ምርቃቱም ተመለሰ።

በሰኔ ወላጆች ተጠርተው የልጆቻቸውን ሥራ የሚያዩበት ቀን ነበር። እኔ የማታው የመጨረሻ ፈተና ስለ ደረሰ ሌሊቱን ሳነብ አድሬ ዓይኔ ይቃጠላል። አያቱ ነጭ ለብሳ፣ ከሰው ሁሉ በኋላ መጣች። የአቡሽን ደብተር ሰጠኋት። ማንበብ አትችልም፤ ገጹን እየገለጠች በጣቷ ጽሑፉን ትዳስሳለች። መጀመሪያዎቹ ገጾች በላጲስ ተቀድደዋል። ወደ መጨረሻ ስትደርስ ስሙ አለ፤ አንዱ ፊደል ወደ ኋላ ዞሯል፤ ቢሆንም ስሙ ነው።

«ይኼ በየትኛው እጁ ነው?» አለችኝ።

«በግራው ነው፣ እማማ።»

«ልክ ነው?»

«አንዷ ፊደል ዞራበታለች፤ ሌላው ልክ ነው።»

ደብተሩን ዘግታ ከነጠላዋ ሥር አስገባችው፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ መቅረት እንዳለበት ልነግራት አልደፈርሁም። አቡሽን በእጁ ይዛ ጥቂት እንደ ሄደች ዞረች።

«ማዕድ ላይ ግን በቀኙ ይሁን» አለችኝ።

«እሺ፣ እማማ» አልኋት።